በክፉ ቀን መንግሥት ለሌላ አገር እርዳታ ይስጥ ወይስ ይቅር? ከወንድሜ ጋር ተጣልቻለሁ

የገንደቆሬዋ
ሰላም ድሬ፣ ሰላም ሐረር። ትናንት ማታ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በስልክ ተጣልተን አደርን። እሱ እንግሊዝ አገር ከሄደ 14 ዓመቱ ነው፣ አውቶቡስ ይነዳል። እኔ እዚሁ ድሬ ነኝ። እስከ ዓምና ድረስ የእርዳታ እህል መጋዘን ውስጥ ቆጣሪ ነበርኩ። ከጅቡቲ የመጣው ተሳቢ በር ላይ ይቆማል፣ ጫኝና አውራጆቹ ጆንያውን ተሸክመው በፊቴ ያልፋሉ፣ እኔ ዌይቢሉን፣ የጭነቱን ወረቀት፣ ይዤ እቆጥራለሁ። አንዱ ጆንያ 50 ኪሎ ነው። የተቀደደ ካለ ለብቻው ይቀመጣል፣ የፈሰሰው ተጠርጎ ይመዘናል፣ ይጻፋል። ለአንድ ሰው የወር ድርሻው 15 ኪሎ እህል ስለሆነ አንድ ጆንያ ባለፈ ቁጥር በልቤ ሦስት ሰው፣ ሦስት ሰው እያልኩ ነበር የምቆጥረው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ለ90 ቀን አቆምኩ አለች። ከዚያ አብዛኛው ፕሮግራም ተሰረዘ። በሐምሌ 1 ዩኤስኤይድ የሚባለው መሥሪያ ቤት ራሱ ተዘግቶ የተረፈው ሥራ ወደ ውጭ ጉዳያቸው ሄደ። የእኔም ኮንትራት ሳይታደስ ቀረ። ይሄንን ተቀብያለሁ፣ አሁን ትንሽ ሱቅ ቢጤ ይዣለሁ። ያናደደኝ ወንድሜ ነው። «ልክ ናቸው» አለኝ። እንግሊዝም እየቀነሰች ነው፣ ደግ አደረገች አለኝ። የጋዝና የመብራት ሒሳብ እንዴት እንደናረ፣ ደመወዝ ያላቸው ሰዎች ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ምግብ ለመቀበል እንደሚሰለፉ፣ ልጁን ስፔሻሊስት ለማሳየት ወራት እንደጠበቀ ነገረኝ። «እኔ ግብር የምከፍለው ለልጄ ሐኪም ነው፣ ከራስ በላይ ነፋስ» አለና ዘጋው።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ። አገር ሲቸግራት ለሌላ መስጠቷን ታቁም? እኔ አታቁም ነው የምለው፣ ግን ለምን እንደሆነ ለወንድሜ ማስረዳት አቃተኝ።

ነምበር ዋን
እህቴ፣ ሥራሽን ማጣትሽ በጣም ያሳዝናል፣ ከልቤ ነው። ግን ወንድምሽ ልክ ነው። ከኪሱ አውጥቶ የሚሰጥ ሰው ቸር ይባላል። መንግሥት ግን የራሱ ኪስ የለውም። የሚሰጠው የአውቶቡስ ሹፌሩን ገንዘብ ነው፣ ሹፌሩን ሳይጠይቅ። ሲሞላለት ቢሰጥ ማንም አይከፋውም። ሲጎድልበት ግን መጀመሪያ የራሱን ቤት ያያል። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት የእኛው አይደል?

ሌላም አለ። እኔ ተወልጄ እስካሁን የእርዳታ ስንዴ ያልገባበት ዓመት አላስታውስም። ይሄ ሁሉ ዓመት ተረድተን ካልቆምን እርዳታው ምኑን ረዳን?

ባለ ካልኩሌተሩ
ሒሳቡን ሳናይ ባንፈርድ ጥሩ ነው። አሜሪካውያን ሲጠየቁ ከበጀታቸው ሩብ ያህሉ ለውጭ እርዳታ የሚሄድ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን 1 ከመቶ አካባቢ ነው። እንግሊዝ ደግሞ ከብሔራዊ ገቢዋ 0.7 ከመቶ እንድትሰጥ እ.ኤ.አ. በ2015 በሕግ ደነገገች። ይህ 0.7 የሚባለው ቁጥር የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1970 ያወጣው ነው፣ እስካሁን የደረሱበት አገሮች በጣት ይቆጠራሉ፦ ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክ፣ ሉክሰምበርግ የመሳሰሉት። እንግሊዝ በ2021 ኮሮና ጎድቶኛል ብላ ወደ 0.5 አወረደችው። በ2025 ደግሞ ለመከላከያ ገንዘብ ያስፈልገኛል ብላ በ2027 ወደ 0.3 እንደምታወርደው አስታወቀች። 0.3 ማለት ከ100 ፓውንድ ገቢ 30 ሳንቲም ነው። በዚህ የወንድምሽ የመብራት ሒሳብ አይቀንስም።

አሁን ሰው የማያስተውለውን ነገር ልንገራችሁ። እርዳታው የሚለካው ከገቢ በመቶኛ ነው። ስለዚህ ኢኮኖሚው ሲወርድ እርዳታውም አብሮ በራሱ ይወርዳል። ከ100 ሰባ ሳንቲም የሚሰጥ ሰው ገቢው 80 ሲሆን 56 ሳንቲም ነው የሚሰጠው። ክፉው ቀን ሒሳቡ ውስጥ አስቀድሞ ገብቷል ማለት ነው። በዚያ ላይ መቶኛውንም ሲቀንሱት ለአንዱ ችግር ሁለት ጊዜ ቆረጡ።

ሦስተኛም አለ። በ2023 የእንግሊዝ የእርዳታ ገንዘብ ከሩብ በላይ የሚሆነው የወጣው እዚያው እንግሊዝ ውስጥ ስደተኞችንና ጥገኝነት ጠያቂዎችን ለማኖር ነው። ብዙው የሆቴል ክፍያ ነበር። ደንቡ ይፈቅዳል፣ ሕገወጥ አይደለም። ግን ወንድምሽ «ለአፍሪካ ሄደ» የሚለው ገንዘብ ሩቡ ከእሱ አውቶቡስ መስመር ዳር ነው የቀረው።

ነምበር ዋን
የሆቴሉን ነገር አላውቅም ነበር። አቦ አመሰግናለሁ። ግን ትንሽ ነው ማለት መልስ አይሆንም። ትንሽ ከሆነ ለእኛም ትንሽ ነው፣ ለምን ታዲያ ሲቆም እንዲህ እንጮሃለን?

ነጭ ጋውን
ለምን እንደምንጮህ እኔ ልንገርህ ወንድሜ። ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር። የኤችአይቪ መድኃኒት እዚህ አገር በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ሰው በአልጋ ገብቶ በሬሳ ሳጥን ሲወጣ አይቻለሁ። ከዚያ መድኃኒቱ መጣ፣ አብዛኛው ገንዘብ ግሎባል ፈንድ ከሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅትና አሜሪካ በ2003 እ.ኤ.አ. ከጀመረችው የኤችአይቪ ፕሮግራም፣ ከፔፕፋር፣ ነበር። ሰው ከአልጋው ተነሣ። ይሄንን በዓይኔ ስላየሁ «እርዳታ ምኑን ረዳን» ሲባል ዝም ማለት አልችልም።

ዓምና መድኃኒቱ ከመደርደሪያው አልጠፋም። የጠፋው ሰው ነው። አድሄረንስ ሰፖርተር የምንላቸው አሉ፣ ራሳቸው መድኃኒቱን የሚወስዱ፣ ቀጠሮ የቀረውን በሽተኛ በስልክ የሚፈልጉ። የእኛዋ ሰማያዊ ደብተር ነበራት። በእያንዳንዱ ቁጥር ጎን በእስክሪብቶ ትንንሽ ነገር ትጽፋለች፦ «ባሏ ካነሣው የተሳሳተ ቁጥር ነው በዪ»፣ «ከመግሪብ በኋላ ብቻ»፣ «ጅቡቲ ነው፣ ለበዓል ይመጣል»። አንድ ቀን ጠዋት ነገ አትምጪ ተባለች። ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ እያለቀሰች ወጣች። እኔ በቀን የማየው በሽተኛ ብዙ ነው፣ ማታ ማታ ነው የምደውለው። ትንሽ ገንዘብ ያልከው ያቺ ሴት ናት። ቀስ ብለው ቢቀንሱ፣ በሁለት ዓመት እናቆማለን ቢሉ፣ ሰው አሠልጥነን፣ በጀት አስይዘን በተረከብን ነበር። እኔን ያቃጠለኝ አቆራረጡ ነው።

የሸዋ በር እናት
ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አነበብኩ። እኔ ፖለቲካ አላውቅም። ሐረር ጀጎል ነው የምኖረው፣ አፎቻ አለን፣ የሴቶች አፎቻ። ለማታውቁት፣ እንደ እድር ነው፣ ለሐዘንም ለሰርግም ይደርሳል። በኮሮና ዓመት ሥራ ሁሉ ቆሞ ነበር። ሳምቡሳ ሸጣ የምታድር አባል ነበረችን፣ መውጣት ተከለከለች። ሌላዋ ባሏ ፔጆ ታክሲ ነጂ፣ መኪናው ቆመ። ታዲያ ከመሀላችን አንዷ መዋጮውን እናቋርጥ፣ ቀኑ ሲወጣልን እንቀጥል አለች። ብዙዎቻችን ልንስማማ ነበር። አንዲት ትልቅ ሴት ከጥግ ተቀምጣ ስትሰማ ቆየችና «ሞትም ያቋርጣል?» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ።

መዋጮው ቀነሰ እንጂ አልተቋረጠም። በዚያ ክረምት ሦስት ቤት ለቅሶ ደረስን። እኔ መንግሥታት ስለሚባሉት ሳስብ ይቺ ሴትዮ ናት ትዝ የምትለኝ። ክፉ ቀን ለሰጪም ለተቀባይም አንድ ላይ ነው የሚመጣው። የስንዴ ዋጋ ለንደን ሲወደድ ሐረርም ይወደዳል።

ነምበር ዋን
እናቴ፣ አክብሬሽ ነው የምናገረው። አፎቻ ውስጥ አንቺም ትከፍያለሽ። ዛሬ ለጎረቤትሽ ደረስሽ፣ ነገ ለአንቺ ይደርሳሉ። ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጋር ግን እኛ አባል ነን ወይስ በር ላይ የቆምን? ጥያቄዬ ይሄ ነው። አባል የሆነ ሰው መዋጮ ይከፍላል።

መንገደኛው
ከፍለናል አቦ! አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ ለምን ሜክሲኮ ተባለ? እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ሲወረን የጣሊያንን ይዞታ አንቀበልም ብለው ከጸኑት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። ከ50 ዓመት በኋላ በ1985 ሜክሲኮ ሲቲን የመሬት መንቀጥቀጥ አፈረሳት። እኛ ያኔ በ77 ድርቅ ውስጥ ነን፣ የዓለም ቴሌቪዥን ሁሉ የእኛን ረሃብ ነው የሚያሳየው። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ለሜክሲኮ 5 ሺህ ዶላር ላከ። 5 ሺህ! ለሜክሲኮ ምንም ማለት አይደለም፣ ለእኛ ግን በዚያን ቀን ብዙ ስንዴ ይገዛ ነበር። እኔ ይሄንን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን እንባዬ መጣ።

ኮሪያንም አስቡ። በ1951 የቃኘው ሻለቃ ሲሄድ ኮሪያ ከእኛ የማትሻል ድሃ ነበረች። በጠቅላላው ከ6 ሺህ በላይ ወታደር ላክን፣ ከ120 በላይ እዚያ ወደቁ። ኮሪያ ራሷ ለብዙ ዓመት በእርዳታ ኖራ በ2010 ከሰጪ አገሮች ኮሚቴ ገባች። ዛሬ ለእኛ ትሰጣለች። ነምበር ዋን «ተረድተን ካልቆምን» ላልከው እሷን ተመልከት።

ደቻቱ
በር ላይ ብቻ አይደለም የቆምነው። ሰጪም ነን፣ ዛሬም። 1 ሚሊዮን ያህል ስደተኛ አገራችን ውስጥ አለ። ከድሬ ብዙ አትራቁ፣ ወደ ጅግጅጋ ውጡና ቀብሪበያህን እዩ፣ ከሶማሊያ የመጡ ሰዎች ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው አሉ። በ2023 እ.ኤ.አ. ድንበር ማዶ ላስ አኖድ ከተማ ላይ ውጊያ ሲነሣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ገቡ። የሶማሌ ክልል ያኔ አምስት ተከታታይ ዝናብ ከሸፎበት ከብቱ አልቆ ነበር። ያው ዓመት አገራችን የቦንድ ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር መክፈል ያቃታት ዓመት ነው። ታዲያ ማን «አሁን ቸግሮናል፣ ተመለሱ» አላቸው? ሰዉ ቤቱን ከፈተ፣ አንድ ጀሪካን ውኃ ለሁለት ተካፈለ።

እኔ ይሄ ጉዳይ የሚነካኝ በሌላም ነው። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የድሬው ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ 9 ዓመቴ ነበር። ቀን ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሌሊት ቤቱን ይዞት ሄደ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው ያደርነው። ጠዋት ከሳቢያን የመጡ የማናውቃቸው ሴቶች እንጀራ በመሶብ ይዘው ገቡ። ከሁለት ቀን በኋላ ግራጫ ብርድ ልብስ ተሰጠን፣ ጫፉ ላይ በማላነበው ፊደል ተጽፎበታል። ከየት አገር እንደመጣ እስካሁን አላውቅም። ያቺ አገር በዚያ ዓመት ይድላት ይቸግራት አላውቅም። እናቴ ብርድ ልብሱን አሁንም አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች።

ጋራ ሙለታ
እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ከሁለቱም ወገን እናገራለሁ። በ2008 ዓ.ም. በኤል ኒኞ ድርቅ አገሪቱ ላይ 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ሲጠብቅ እኛ ቤት ማሽላው ወገቤ ሳይደርስ ደርቆ ቀረ። ስንዴው ባይመጣ ታናሽ እህቴ ዛሬ አትኖርም። ይሄንን አልክድም።

ግን ደግሞ ዝናብ በሰጠበት ዓመት ማሽላችንን ገበያ ስናወጣ ያው ስንዴ ደርሶ ዋጋችንን ሲሰብረው አይቻለሁ። አባቴ ያን ዓመት ግማሹን ማሳ ነቅሎ ጫት ተከለ። አትፍረዱበት። አሜሪካ ምግቡን ከራሷ ገበሬ ትገዛለች፣ ቢያንስ ግማሹን በራሷ ባንዲራ መርከብ እንዲጫን ሕጓ ያዛል። ስለዚህ ከዶላሩ ብዙው ለማጓጓዣ ይሄዳል፣ ስንዴው ወራት ቆይቶ ይደርሳል። በዚያው ገንዘብ ከአርሲ ወይም ከባሌ ስንዴ ቢገዛ ኖሮ ቶሎም ይደርስ፣ የእኛንም ገበሬ ይደግፍ ነበር። ለቸገረው አገር እኮ ይሄ ነው ቁጠባው! ሳይቀንሱ በርካሽ መስጠት ይቻላል። ሴፍቲኔትም ጥሩው መንገድ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሰው ሠርቶ እንዲቀበል ነው የተባለው። የእኛ ቀበሌ እርከን የተሠራው በዚያ ነው፣ ዛሬም አፈሩን ይዞታል።

ቀፊራ ገበያ
ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ሌብነቱስ? በ2023 የእርዳታ እህል ገበያ ላይ ተገኘ ተብሎ አልነበር የቆመው? እኔ ገበያ ነው የምውለው፣ ስጦታ የሚል ጆንያ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። የሰው አገር ሕዝብ ተቸግሮ የላከው ሲሸጥ ያሳፍራል። ወንድምሽ በዚህ ቢናደድ አይፈረድበትም።

የገንደቆሬዋ
ያሳፍራል። እኔን ከማንም በላይ አሳፍሮኛል፣ ምክንያቱም ቆጣሪ ነበርኩ። የተራበ ሰው ከድርሻው ትንሽ ሸጦ ዘይትና የልጅ ደብተር ቢገዛ ሌባ አልለውም። ጭነቱን በመኪና አዙሮ የሚሸጠው ግን ሌባ ነው። በሰኔ 2023 አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ሥርጭቱን ሲያቆሙ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። መጋዘኑ ሙሉ ነው። ቁልፍ ነው። በየቀኑ እየገባሁ ያው ክምር ላይ ያንኑ ቁጥር እጽፋለሁ። አጥር ሥር ደግሞ ከገጠር ቀበሌ በእግራቸው የመጡ እናቶች ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የሰረቀው ሌላ፣ የጾመው ሌላ። ለሁሉም የተከፈተው በታኅሣሥ ነው። ከዚያ በኋላ ስም አመዘጋገቡም አቆጣጠሩም ጠበቀ፣ ያ መሆን ነበረበት። ግን ሳይዘጋ ማጥበቅ ይቻል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ባለ ካልኩሌተሩ
አንድ ቁጥር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2024 የሀብታም አገሮች እርዳታ በጠቅላላው 212 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፣ ከዓመቱ በፊት ከነበረው 7.1 ከመቶ ወርዶ። ይሄ እንግዲህ የአሜሪካው መዝጋት ሳይመጣ ነው። አንዱ ሲቀንስ ሌላው ቢሸፍን ኖሮ አንድ ነገር ነው። ብዙዎቹ አንድ ላይ ነው የቀነሱት።

ወንድሟ ነኝ
እህቴ ሊንኩን ላከችልኝ፣ ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ ሁሉንም አነበብኩ። ስሙኝ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። በየወሩ ለእናቴ እልካለሁ። ኪራይ ሳልከፍል ቀርቼ የላክሁበት ወር አለ፣ እህቴ ይሄንን አታውቅም፣ አሁን አወቀች። በክፉ ቀን መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። መንግሥት ግን ስሜ ሳይጠራ ከደመወዜ ወስዶ ሰጠሁ ሲል፣ ከዚያ ለልጄ ሐኪም የለም ሲለኝ፣ ልቤ ይቆስላል። ያን ቀን የተናገርኩት ከዚያ ቁስል ነው።

የሆቴሉ ነገር አበሳጭቶኛል። የዚያች ሴት ሰማያዊ ደብተር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። «ባሏ ካነሣው የተሳሳተ ቁጥር ነው በዪ»። ይቺን ሴት በማባረራቸው ስንት ተረፋቸው? እኔ መቀነስን እቀበላለሁ። በአንድ ጠዋት ነገ አትምጪ ማለትን አልቀበልም። እዚህ እንግሊዝም የአውቶቡስ መስመር ሊያጥፉ ሲሉ ለሕዝቡ አስቀድመው ያሳውቃሉ።

እህት፣ ነጭ ጋውን፣ የምትደውይበትን ካርድ ማን ይሞላልሻል?

ነጭ ጋውን
ከራሴ ነው። ቁጥሩን ለማንም አልሰጥም፣ የሰው ምስጢር ነው። ካርድ መሙላት ግን ትችላለህ። በውስጥ ጽፌልሃለሁ።

ነምበር ዋን
ወንድም፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። እኔ ግን ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ አልቀየርኩም። ያቺን ሴት መቅጠር የነበረበት የእኛ መንግሥት ነው። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታችን 15 ከመቶ ለጤና እናውላለን ብለው ፈርመዋል። ያንን ቃል የጠበቀ አገር ምን ያህል ነው? ለንደንን ከመውቀሳችን በፊት ይሄንን እንጠይቅ። በድንገት መቁረጡ ስህተት ነው ያላችሁትን ግን ተቀብያለሁ። የብርድ ልብሱንም ነገር።

የሸዋ በር እናት
እሱን መጠየቅ ደግ ነው ልጄ። ጠይቅ። እሱ እስኪመለስ ግን ነጭ ጋውን ልጄ ማታ ማታ ትደውላለች።

የገንደቆሬዋ
ወንድሜ፣ የኪራዩን ነገር ለምን አልነገርከኝም? ነገ ሱቁን ቀደም ብዬ እዘጋለሁ። በእኛ ሰዓት ማታ 2 ላይ ደውልልኝ፣ እማም እዚህ ናት።